ሊቀ መርማሪ ኸድርና መቶ የንብ እንቁላሎች

ካልሞከረ ከማያምን ሰው ጋር አንድ ክፍል ካልተጋራህ፣ ስደትን ኖሬዋለሁ ብለህ አፍህን አትክፈት። እኛ በጅዳ፣ ባግዳዲያ በሚባለው ሰፈር፣ ለአምስት በተከራየናት ክፍል ይህን መቅሰፍት በማዕረግ ይዘነዋል፦ ክቡር ሊቀ መርማሪ ኸድር። የወሎ ሰው ነው። መፈክሩም አንድ ነው፦ «ወሬ አልበላም፤ እንየው!»

ጎረቤታችን ዘቢባ ፀጉር ያበቅላል ብላ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ብትሸጥለት፣ እንደ ሰው መች ተቀባ! የጭንቅላቱን ቀኝ ጎን ብቻ ወር ሙሉ ቀብቶ ግራውን ለማነጻጸሪያ ተወው። በወሩ ቀኙም መላጣ፣ ግራውም መላጣ። ውጤቱንም ደረጃው ላይ ቆሞ ለሕንጻው ሁሉ አወጀ። ዘቢባ እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም። ያለችኝን አንዲት ነጭ ሸሚዝም ቀኝ እጅጌዋን በአንድ ሳሙና፣ ግራዋን በሌላ አጥቦ ባለ ሁለት ቀለም አድርጎ አስረከበኝ። «የግራው ይሻላል» አለኝ፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሎ።

ክቡርነታቸው እንጀራቸው ንብ ማነብ ነው፤ ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ እርሻ። ዘንድሮ ንቦቹ ልጅ ማሳደግ አቃታቸው። እጮቹ ሞተው በቀፎው በር ይጣሉ ጀመር። የእርሻውን የሎሚ ዛፎች ፀረ ተባይ የሚረጨው የአሰሪው የወንድም ልጅ ነቢል ቶሎ ብሎ ጣቱን ቀሰረ፦ «ሐበሻው በጢስ ጨረሳቸው!» አሰሪው አቡ አዲል፣ በመካ የጀርወል ሰፈር ነጋዴ፣ ብዙ አይናገሩም። «በአንድ ወር ካልተስተካከለ፣ ኹሩጅ» አሉ። ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ተሰርዞ ወደ አገርህ ትሸኛለህ ማለት ነው።

ሌላው ቢሆን ያለቅሳል፣ አማላጅ ይልካል። የኛው «ወሬ አልበላም» አለና የኬክ ማሸጊያ ፕላስቲክ ይዞ ተነሳ።

ከሁለት ቀፎዎች አንዳንድ የማር እንጀራ አውጥቶ፣ መስታወት የመሰለውን ፕላስቲክ ከላይ አነጠፈና እንቁላል ያለባቸውን መቶ መቶ ቀዳዳዎች በእስክሪብቶ ከበባቸው። ለአንዱ ቀፎ ስኳር በውሃ፤ ለሌላው ያንኑ ስኳር፣ ነቢል ከሚረጨው ጠብ አድርጎበት። ከዚያ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ። እንቁላሉ ንብ ሆኖ እስኪወጣ ያን ያህል ይፈጃል። በየጥቂት ቀኑ ፕላስቲኩን መልሶ እያነጠፈ የትኛው ቀዳዳ እጭ እንደያዘ፣ የትኛው እንደታሸገ፣ የትኛው ባዶ እንደቀረ ይጽፋል። እኔ ምስኪን በየጁምዓው ዕረፍቴ ጥላ ያዥ ሆኜ ተሾምኩ።

«ኸድር፣ ሲያባርሩህ ንቦቹ ኤርፖርት ድረስ ይሸኙሃል?»

«ጥላውን አስተካክል። ፀሐዩ እጮቹን ይጠብሳቸዋል።»

በሁለተኛው ጁምዓ መርዙን የቀመሰውን እንጀራ ሲያወጣ ወንፊት ሆኗል። «ወላሂ፣ በገዛ እጄ ነው የመረዝኳቸው» አለና ፊቱን አዞረ። ማንም ሳያዘኝ ጥላውን አስተካከልኩ።

በሃያ አንደኛው ቀን አቡ አዲልና ነቢል መጡ። የኸድር አረብኛ ከ«ያላ»ና ከቁጥር ብዙም አያልፍም፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። መርዝ ከቀመሱት መቶ እንቁላሎች ውስጥ ሰባ ስምንቱ ጠፍተዋል። ከንጹሖቹም አስራ አንድ ጠፍተዋል። እኔ ብልጡ፣ «ንጹሖቹ ሁሉም አድገዋል» ብዬ ተረጎምኩ።

«ላእ! ኢሕዳዕሽ!» ብሎ ጮኸ ኸድር፣ ከአፌ ቁጥሩ ሳይወጣ ሲቀር። እንዳይሳሳቱም አስር ጣቱን ዘረጋ፤ ቀጥሎ አንድ።

ነቢል ወደ አጎቱ ዞሮ በሳቅ ፈነዳ። «አየህ፣ ዓሚ? ያለ መርዝም ይሞታሉ!»

እኔ ሻንጣውን በልቤ መሸከፍ ጀመርኩ። አቡ አዲል ግን ፕላስቲኮቹን ወደ ብርሃን አንስተው፣ በእንጀራዎቹ ላይ መልሰው አንጥፈው፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ራሳቸው ቆጠሩ። ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ነቢል ዘረጉ፦ «የፀረ ተባዩን ክፍል ቁልፍ።» ተቀብለውም ለኸድር ሰጡት። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንተ፣ ሌላ ጊዜ እሱ ያለውን ብቻ ተናገር» አሉኝ።

በመንገድ ላይ ወረድኩበት። «አንተ ድንጋይ! ቢያባርሩህ ኖሮስ? ሚስትህን ምን ልትላት ነበር? ‹ተባረርኩ፣ ቁጥሩ ግን ልክ ነበር›?»

ጥቂት አሰበበት።

«አዎ» አለኝ።

ግንባሩን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ግን ሰው ምን ይለኛል? እስከ ባግዳዲያ ድረስ እየሰደብኩት ገባን።