አንዷን ማን በላት?

ቁጥርም እንደ ሰው ጠባዩ ልዩ ልዩ ነው። ዐሥራ ሁለትን ተመልከቱት፤ ሁለትም፣ ሦስትም፣ አራትም፣ ስድስትም ቢመጡ በሩ ክፍት ነው። ዐሥራ ሦስት ግን ከአንድና ከራሱ በቀር ማንንም አያስገባም። እንዲህ ያለውን የሒሳብ መጽሐፋችን «ብቸኛ ቁጥር» ይለዋል። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ስሙን ስሰማ ዘመዴ የተጠራ ይመስለኛል።

በቀደም የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳው ላይ 104729 ብለው ጻፉ። «ብቸኛ ነው ወይስ አካፋይ አለው? ነገ ሠርታችሁ ኑ» አሉን። ዳባት ለሚደረገው ውድድር ከእኛ ከደባርቅ ሦስት ተማሪ ይሄዳል፤ ሁለቱ ተመርጠዋል፣ አንድ ቦታ ቀርቷል። ያችን ቦታ ምን ያህል እንደፈለግኋት አትጠይቁኝ። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

ያን ማታ መብራት ጠፍቶ ስልኬ ሞቷል። ከሁለት ጀምሬ እስከ ዐሥራ ሰባት በእጄ አካፈልኩ፤ በሁሉም ይተርፋል። ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ደከመኝና ጎረቤታችን የኔታ ዘንድ ሄድኩ። የኔታ ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል የሚያወጡት በየዓመቱ የዓለምን ዘመን ለዐሥራ ዘጠኝ እያካፈሉ ነው። በዚች ቁጥር የሚስተካከላቸው የለም።

«የኔታ፣ ይችን ለዐሥራ ዘጠኝ ቢያካፍሉልኝ?»

«ዐሥር እልፍ ከአርባ ሰባት መቶ ሃያ ዘጠኝ! ይኸን ሁሉ ዘመን ማን ሊኖረው ነው ልጄ?» ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ቆጠሩ፣ ቆጠሩ። «አምስት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ። ወንበሩ አልቦ።»

አልቦ በግዕዝ «የለም» ማለት ነው። ወንበር ያሉት ቀሪውን መሰለኝ፤ ምንም አልቀረም! እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ እጄን አወጣሁ። «ለዐሥራ ዘጠኝ ይካፈላል፤ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አባዙት። 104728።

«አንዷንስ ማን በላት?» አለ ሙሉቀን ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ ትዝ አለኝ። የኔታ ዘመን ሲያወጡ ከቀሪው ላይ ምንጊዜም አንድ ይተዋሉ፤ ያለንበት ዓመት ገና አላለቀማ፣ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ የሚገኘውን ነው ወንበር የሚሉት። የኔ ቁጥር ቀሪው አንድ ብቻ ነበር፤ እሷኑ ተዉብኝ! ይህን ሁሉ ዴስኬን እያየሁ ተናገርኩ።

መምህሩ ሳቁ። «ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ብቸኛ ቁጥሮችን ከሁለት ጀምራችሁ ብታሰልፏቸው፣ ይህ ልክ ዐሥር ሺኛው ላይ ይቆማል።» እልፈኛው ማለት ነው። ከፊቱ ያን ያህል ሰልፈኛ ቆሞ ብቸኛ መባሉ ገረመኝ።

«ሌሎቻችሁ ባዶ ደብተር ይዛችሁ መጣችሁ» አሉ መምህሩ። «እሷ አካፈለች፤ ስሕተቷንም ራሷ አገኘችው። ዳባት ትሄጃለሽ። አደራ፣ እዚያ እንዳትቀንሺ።»

ቅዳሜ ጠዋት ከሁለቱ ተመራጮች ጋር መናኸሪያ ስንደርስ፣ የሚኒባሱ ረዳት «ዳባት! ዳባት! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል።

«ሦስት ነን» አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።

«ግቡ፣ ግቡ!»

ገባን። ሦስታችንም ተቀምጠን አምስት ወንበር አልቦ ነበር። የኔታስ የሚተዉት አንድ ነው። ረዳቱ ስንት እንደተወ እናንተው አስሉት።