ለአንድ መንጠቆ የወጣ ፈቃድ

ሕግ አክባሪ ሰው ሁለት ጊዜ ይለፋል ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ምናልባት እኔ ነኝ። ሕግ የማያከብረውማ የሚለፋው አንዴ ነው፤ እሱም ከተያዘ። እኛ ግን፣ እናንተም ከእኛ ወገን ከሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ለማግኘት፣ ቀጥሎ ደግሞ ያገኘነውን ወረቀት ለማስረዳት እንለፋለን። በደርግ ጊዜ ከናዝሬት ወጣ ለማለት ይለፍ፣ ስኳር ለመግዛት ካርድ፣ ዘመድ ቤት ለማደር ደግሞ ቀበሌን ማሳወቅ ያስፈልግ ነበር። ያለ ወረቀት የሚቻል ነገር ማስነጠስ ብቻ ነበር፤ እሱም ስብሰባ ላይ ካልሆነ።

የማወራችሁ ስለ ዓሣ ነው። ኧረ ስለ ዓሣም አይደለም፤ ስለ ጽጌ ነው። ጽጌ እኔ ጂኦግራፊ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምር ነበር። እኔና እሷ ተስማምተን ጨርሰናል፤ የቀሩት አባቷ ብቻ ናቸው። "ብቻ" ማለቴ ድፍረት ነው። ጋሽ በየነ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሹም ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ባቡር በሰዓቱ ሲያስገቡና በሰዓቱ ሲያስወጡ ስለኖሩ ሰውንም እንደዚያው ይጠብቁታል። አዋሽ ጣቢያ በነበሩበት ዘመን ከአንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሁለት ነገር ተምረዋል፤ በፈረንሳይኛ መሳደብና በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ። ስድቡን እንደቀጠሉበት ሰፈሩ ሁሉ ምስክር ነው። ማጥመዱን ግን አብዮቱ ከመጣ ወዲህ እርግፍ አድርገው ትተውት ነበር፤ ለምን እንደተዉት የጠየቃቸው የለም።

ሽማግሌ ልልክ ስሰናዳ ጽጌ የአባቷን መልእክት ይዛ መጣች። "ሽማግሌማ ዋሽቶም ያስታርቃል" ብለዋል አሉ። "ሰውየውን መጀመሪያ እኔው ልየው። እሑድ ዝዋይ ሐይቅ ይውሰደኝና አብረን እናጥምድ፤ ነገር ግን ፈቃድ አውጥቶ። ያለ ፈቃድ የመንግሥት ሐይቅ የሚነካ ሰው ያለ ፈቃድ የሰው ልጅም ይነካል።" ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ነገሩ የሚያጣድፍ ነበር። አንድ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ ያውም ባለ መኪና፣ ከፋሲካ በኋላ ለጽጌ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ደርሶኛል። ጊዜው ሁዳዴ ነው። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እዚህ አታምጡብኝ፤ ጋሽ በየነ ይበላል ከሚሉት ናቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አይበላም ከሚሉት፤ በአንድ ጣራ ሥር ሠላሳ ዓመት ኖረዋል።) ስለዚህ የነበረኝ ጊዜ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው።

ሰኞ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ሰው ጋር ያደረግነውን ንግግር እስካሁን አልረሳሁትም።

"የየትኛው አሥጋሪ ማኅበር አባል ነህ?"

"የማንም አይደለሁም።"

"መረብህ ስንት ሜትር ነው?"

"መረብ የለኝም፤ በመንጠቆ ነው።"

"በመንጠቆ? አንድ፣ አንድ እያልክ?"

"አዎ።"

"ለሽያጭ ነው ለቀለብ?"

"ለደስታ" አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ፎርሙን አዙሮ በትዕግሥት አሳየኝ። ለሽያጭ የሚል ዓምድ አለ፣ ለቀለብ የሚልም አለ፤ ለደስታ የሚል የለም። በመጨረሻ "ማን እንደሆንክና በምን መሣሪያ እንደምትሠራ ከቀበሌህ አስጽፈህ አምጣ፤ እኔ ከላዩ ማኅተም አደርግልሃለሁ" ብሎ ሸኘኝ። ማክሰኞ ቀበሌ ሄድኩ፤ ስብሰባ ነው። ረቡዕ ሄድኩ፤ የማክሰኞው ስብሰባ አላለቀም።

ሐሙስ ጸሐፊውን አገኘሁት። የቀበሌያችን ጸሐፊ እጅግ ቅን ሰው ነበር፤ መከራዬም ከዚያ ይጀምራል። ክፉ ቢሆን "የለም፣ ሂድ" ይለኝና እገላገል ነበር። እሱ ግን ሊረዳኝ ቆርጦ ተነሣ። መሳቢያውን ሁሉ በርብሮ፣ ስለ መሣሪያ የሚጠይቅ አንድ ፎርም አገኘና ደስ አለው። ከላዩ "የጦር መሣሪያ ምዝገባና መያዣ ፈቃድ" ይላል። "ጓድ፣ ይኼ እኮ የጠመንጃ ነው" ስለው "መሣሪያ መሣሪያ ነው፤ ዝርዝሩን እኛ እናስተካክላለን" አለኝ። አስተካከለውም። የመሣሪያው ዓይነት፦ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ሸምበቆ። የመሣሪያው ቁጥር የሚለው ጋ ሲደርስ ቁጥር የለውም አልኩት፤ ባዶ መተው ክልክል ስለሆነ "1" ብሎ ጻፈ። የጥይት ብዛት፦ መንጠቆ፣ ስድስት። የታጠቀበት ምክንያት የሚለው ላይ ግን ምንም አልጻፈም፤ "ለአብዮት ጥበቃ" የሚል አስቀድሞ ታትሞበታል።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ግን እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሐሙስ አልቋል፣ ባለ መኪናው ሰውዬ ከበስተኋላዬ አለ፣ ጽጌ ዕረፍት ሰዓት ላይ በመጣሁ ቁጥር ዓይን ዓይኔን ታያለች። ፈረምኩ። ቅዳሜ ጧት ያኛው መሥሪያ ቤት "ለዓሣ" የሚል ማኅተም ከግርጌው መታበት፤ ቀለሙ ደክሞ ስለነበር "ለዓሣ" የሚለው በደንብ አይነበብም። ቢሆንም ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ ቀን አልኮራሁም።

እሑድ በጧት ተነሥተን በሞጆ በኩል ወደ መቂ ተጓዝን። እትዬ አስካለ እስከ መናኸሪያ ሸኝተውን "በየነ፣ ልጁን አደራ" ብለው ነበር። ጋሽ በየነ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ፊታቸውን ቋጥረው መንገዱን ሁሉ ሰዓታቸውን ሲያዩ ነበር። መቂ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። እዚያ ገመቹ የሚባል የሐይቁ አሥጋሪ፣ የጋሽ በየነ የድሮ የሐይቅ መሪ፣ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ጀልባውን ሐይቁ ዳር አስሮ ነው የመጣው። "አካም ጅርታ፣ ጋሼ" ብሎ ሲስማቸው የሰውየው ፊት ሲፈታ አየሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ሊሳካ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ኬላውን የሚጠብቁት ፂማቸው ሽበት የጀመረው አንድ አሥር አለቃ ናቸው። ዘንጉን አዩና ወረቀት ጠየቁ። እኔ ደግሞ ይህን ቀን ስጠብቅ የሰነበትኩ ነኝ፤ ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። አንዴ አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

"መሣሪያው የታለ?"

ዘንጉን አሳየኋቸው።

"ይኼ ሸምበቆ ነው። ጥይትስ? ስድስት ይላል።"

የክብሪት ቀፎ ከፍቼ መንጠቆዎቹን አሳየሁ። አሥር አለቃው ራቅ አድርገው አዩዋቸውና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "ስማኝ ልጄ" አሉኝ፤ "ወረቀቱ ልክ ነው ካልኩ መሣሪያ ደብቀሃልና አንተ ትታሰራለህ። ወረቀቱ ስሕተት ነው ካልኩ የቀበሌ ማኅተም ሐሰት ነው ብያለሁና እኔ እታሰራለሁ። መቶ አለቃው መጥተው እስኪወስኑ እዚያ ግራር ሥር ተቀመጥ።" ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ አልተቀየምኩትም፤ ከዚያ የተሻለ አስተዋይ ውሳኔ በዚያ ዘመን አልገጠመኝም።

ከዚያ ወደ ጋሽ በየነ ዞሩ። "እርስዎስ አባቴ፣ ወረቀት አለዎት?"

ጋሽ በየነ ኮታቸውን ፈትተው፣ ከገበሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሣ ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት አወጡ። ከላዩ ላይ አንበሳው ዘውዱን ደፍቶ ቆሟል። ለካ የንጉሡ ጊዜ የዓሣ ፈቃድ ነው። ጋሽ በየነ እንዳያሳዩት ፈሩ፣ እንዳይቀዱት ደግሞ ወረቀት መቅደድ አልሆነላቸውም፤ ስለዚህ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሐይቁን ትተው ፈቃዱን ይዘው ኖረዋል። እኔን ፈቃድ ያስወጡኝም በእኔ ወረቀት ተከልለው አንዴ እንኳ ለማጥመድ ኖሯል። ጽጌን ሳይሆን እስር ቤት የሚመላለስልኝን ስንቅ ማሰብ ጀመርኩ።

አሥር አለቃው ወረቀቱን ተቀበሉና አውራ ጣታቸውን አንበሳው ላይ ጭነው ከሥር ያለውን ቀስ ብለው አነበቡት። "አንድ ሰው በአንድ መንጠቆ ዓሣ እንዲያጠምድ ተፈቅዷል። ይኼ ግልጽ ነው፤ የዓሣ ፈቃድ ነው" አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ሳያነሡ አንበሳውን ወደ ውስጥ አጥፈው መለሱላቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሌላ ጊዜ በዚህ በኩል አጥፈው ያሳዩ" ብለው አከሉ።

ገመቹ ሐይቁ ወዳለበት እያየ "ጋሼ፣ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ አሁን ካልገባን የለም" አለ። ጋሽ በየነ እኔን አዩኝ። ዘንጉን አዩ። ከዚያ ዘንጉን ከእጄ ወሰዱና "መጣሁ" ብለው ሄዱ። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

እውነት ለመናገር ተናድጄ ነበር፣ ፈርቼም ነበር። በዚያን ጊዜ ኬላ ላይ የቀረ ሰው እንደ ቀልድ ቀርቶ ሊቀር ይችላል። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ መኪኖች በየተራ እየተፈተሹ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ ቁጭ ብዬ አየሁ። የማስተምረውን፣ ለማን ምን እንደተናገርኩ፣ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ምን እንዳለ አንድ በአንድ አስታወስኩ። አሥር አለቃው ዳቧቸውን እኩል ቆርሰው ሰጡኝ። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚሉት ወደው አይደለም" አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መቶ አለቃው አልመጡም።

ዐሥር ሰዓት አካባቢ ጋሽ በየነ መጡ። ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል፤ ገመቹ ዘጠኝ ቆሮሶ ዓሣ በሲባጎ ሰክቶ ተሸክሟል። አራቱን ለአሥር አለቃው ሰጡ። አሥር አለቃው ዓሣዎቹን ጥላ ውስጥ አስቀመጡና የእኔን ወረቀት አውጥተው ከጀርባው "መሣሪያው ታይቷል" ብለው ጽፈው ፈረሙበት። እንደዚያ ነው የተለቀቅኩት።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሞጆ እስክንደርስ አላናገርኳቸውም፤ ሽማግሌ መላክ የሚባለውን ነገር ከልቤ አውጥቼዋለሁ። ሞጆን እንዳለፍን ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"የመጀመሪያው ዓሣ ሲይዝልኝ ትዝ አላልከኝም" አሉ። "ሁለተኛውም ላይ እንደዚሁ። አምስተኛው ላይ ነው የሰው ልጅ ወታደር እጅ ጥዬ እንደመጣሁ ያስታወስኩት። ያን ጊዜም አልተነሣሁም፤ አራት ጨመርኩ። ራሴን ታዘብኩት፣ ልጄ።"

"ልጄ" ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር። "ምንም አይደለም ጋሼ" አልኩ።

"ምንም ነው እንጂ። ሽማግሌዎችህን በዚህ ሳምንት ላክ፤ ያንን ባለ መኪና እኔ እመልሰዋለሁ። ግን ትቼህ መሄዴን ለአስካለ እንዳትነግራት። አንተን በአደራ ነው የሰጠችኝ።"

አልነገርኳቸውም። እትዬ አስካለ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ ባላቸው ባለ መኪናውን ትተው እኔን የመረጡት በጠባዬ እንደሆነ ለጎረቤት ሲያወሩ ኖሩ። ጽጌም የምታምነው ይህንኑ ነው። እኔም ካገባሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማመን ጀምሬአለሁ።