ምስማር የማይነካው ግድግዳ

ከግድግዳቸው ሌላ የማይታያቸው አከራይ ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔዋ እትዬ አስካለ ደብረ ብርሃን ላይ ክፍል ሲያከራዩኝ፣ «ልጄ፣ ምስማር እንዳትመታ!» ብለው አስማሉኝ። ከበሩ በላይ የተንጠለጠለውን የተላጠ ሽቦ ሳሳያቸው ግን፣ «አንተ ካልነካኸው እሱ አይነካህም» አሉኝ።

አንድ ማለዳ ብርዱ ቢብስብኝ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ከሰል አቀጣጠልኩ። የነቃሁት ግቢው ሣር ላይ ተዘርሬ ነው። ጎትተው ያወጡኝ እሳቸው ናቸው አሉ። ከዚያስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ምስማር እንዳይነካው የሳሱለትን ግድግዳ በዲጂኖ ነድለው፣ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አበጁለት።

«ግድግዳ ይለሰናል፤ አንተን ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ።

እኔስ? በማግስቱ ውርጩ በቀዳዳው ሲገባ አላስቻለኝም። በካልሲዬ ወተፍኩትና ከሰሉን እያራገብኩ፣ የአከራዮችን ግድየለሽነት ማማት ጀመርኩ።