ጋሼ ያመሰገነው ፍራሽ

(የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ዋና በር። ታላቅ ዕድሜውን ሙሉ የጫማ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር፤ እሱ ከሥራው ጡረታ ወጣ እንጂ ቁጥጥሩ ከእሱ አልወጣም። ታናሽ አንድ ቤት አብሮት የሚኖር ወንድሙ ነው፤ ሰው ሁሉ የዋህ ይለዋል፣ እሱም አያስተባብልም። ታላቅ አፍንጫውን ብቻ በበሩ አስገብቶ ቆሟል።)

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ግባ እንጂ! ከኋላችን ሰው ቆሟል።

ታላቅ፦ ይቁም። ማሽተት አልጨረስኩም።

ታናሽ፦ ምን ሸተተህ?

ታላቅ፦ ሳሙና።

ታናሽ፦ ጥሩ ነዋ! ንጹሕ ነው ማለት ነው።

ታላቅ፦ አየህ፣ ለዚህ ነው ሁሌ የምትታለለው! ሳሙና የሚሸት ቤት የሚደብቀው ነገር አለው። ፋብሪካ ሳለሁ ቀለም የበዛበት ጫማ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ከቀለሙ ሥር ያለውን ቀዳዳ ነበር።

ታናሽ፦ ቆሻሻ ቆሻሻ ቢሸትስ ኖሮ?

ታላቅ፦ ቆሻሻ ነው ብዬ እጥለው ነበር።

ታናሽ፦ ምንም ባይሸትስ?

ታላቅ፦ ሰው የለበትማ! ሰው የሌለበት ቤት ምን ይሠራልሃል?

ታናሽ፦ እንግዲህ ምን ቢሸት ነው የሚያልፈው?

ታላቅ፦ እሱን እኔ አውቃለሁ። ለቀልድ አልመጣንም። ልጄ ምን እንዳለች ረሳኸው? «አባዬ፣ አጎቴ ምድጃ እየለኮሰ ማጥፋቱን ይረሳል፤ አንድ ቀን አብራችሁ ትነዳላችሁ። ቤቱን አንተ እየው። ጥሩ ነው ካልክ አጎቴ ይግባበት፣ አይረባም ካልክ ይቅር» ነው ያለችው። ፍርዱ በእኔ እጅ ነው።

ታናሽ፦ ጥሩ ነው ካልክ አንተ ብቻህን ወደ ቤት ልትመለስ?

ታላቅ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? የምረሳው እኔ አይደለሁ!

ታናሽ፦ ከማን ጋር ልትጨቃጨቅ?

ታላቅ፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል) ከሬዲዮኑ ጋር። ግባ አሁን! ሰው ቆሟል አላልክም?

(ረጅም ኮሪደር። በግድግዳው ዙሪያ የእንጨት መደገፊያ ተገጥሟል።)

ታናሽ፦ መደገፊያው ደስ ይላል። ሰው እሱን ይዞ ቀስ እያለ ይሄዳል።

ታላቅ፦ (መደገፊያውን ይነቀንቀዋል። አልንቀሳቀስ ሲለው ቅር ይለዋል።) መደገፊያ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል። እግር የሚበረታው ሲወድቅ ነው።

ታናሽ፦ ሲወድቅ ይሰበራላ!

ታላቅ፦ ተሰብሮ ሲጠገን ከበፊቱ ይጠነክራል። ሶሉ የተቀየረ ጫማ አይተህ አታውቅም?

(አንዲት ነርስ ጎንበስ ብላ የአንድ ሽማግሌ ጫማ ታስራለች። እያሰረች ስለ ልጅ ልጃቸው ትጠይቃቸዋለች፤ ሽማግሌው ይስቃሉ።)

ታናሽ፦ አየሃት? ወሬያቸውን እስኪጨርሱ አልቸኮለችም።

ታላቅ፦ ስለመጣን ነው። እኛም የበላይ ኃላፊ ሲጎበኘን ጫማውን እንደ አራስ ልጅ እናቅፈው ነበር።

ታናሽ፦ ኧረ ጀርባዋን ነው የሰጠችን! መምጣታችንንም አላየች።

ታላቅ፦ ለእንግዳ ጀርባ ይሰጣል? ስድ! ውድቅ!

(የመመገቢያ ክፍል። ታላቅ ከማንም ሳያስፈቅድ ማንኪያ አንስቶ ከአንዲት አሮጊት ሳህን ሾርባ ይጨልፋል። አሮጊቷ በራሳቸው ማንኪያ እጁን ቸብ ያደርጉታል።)

ታናሽ፦ ጋሼ፣ የሰው ምሳ ነው! ይቅርታ እማማ፣ ወንድሜ ነው።

ታላቅ፦ (እጁን እያሻሸ) ናሙና ነው እኮ የወሰድኩት። ጨው የለውም።

ታናሽ፦ ለጤናቸው ተብሎ ይሆናላ። ደግሞ እማማን እያቸው፣ እጃቸው እንዴት ብርቱ ነው! ደህና ይመግቧቸዋል ማለት ነው።

ታላቅ፦ ለአንድ ማንኪያ ሾርባ የሚማታ ሰው የተራበ ነው። ውድቅ!

(ታናሽ ይተክዛል። እሱ ያመሰገነውን ሁሉ ጋሼ አንድ በአንድ ሲጥል ነው ያረፈደው። አዲስ ነገር አይደለም፤ በልጅነታቸውም እሱ «ይጥማል» ያለውን ጋሼ ይተፋ ነበር፣ እሱ የተፋውን ደግሞ ጋሼ ጣቱን እስኪልስ ይበላው ነበር። ታናሽ ራሱን ይነቀንቃል። ሁለት አልጋ ወዳለበት ባዶ ክፍል ሲገቡ ፊቱ ጭፍግግ ብሏል።)

ታናሽ፦ ልክ ነህ ጋሼ። ቤቱ አይረባም። እንሂድ።

ታላቅ፦ አላልኩህም!

ታናሽ፦ ይሄ ፍራሽ ነው? ድንጋይ እኮ ነው።

ታላቅ፦ (በአውራ ጣቱ ይጫነዋል) የቱ? ይሄ? አንተ ደግሞ! ፍራሽ ጠንከር ሲል ነው ለወገብ የሚበጀው። ስጫነው ገባ፣ ስለቀው ተመለሰ፤ አየህ? እንዲህ ያለ ቆዳ ቢመጣልኝ ኖሮ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማሳልፈው።

ታናሽ፦ መስኮቱስ? ይሄን ሁሉ ፀሐይ ምን ያደርጉታል፤ ዓይን ያጠፋል።

ታላቅ፦ ፀሐይ ለአጥንት መድኃኒት ነው! እቤት ያለው መስኮትህ ምን ያሳይሃል? የጎረቤት ግድግዳ! እዚህ ዛፍ አለ፣ አበባ አለ፣ የሚያልፍ የሚያገድም ሰው አለ።

ታናሽ፦ ደወሉም አልጋው ራስጌ ነው የተሰቀለው። ሞኝ ነው የሰቀለው።

ታላቅ፦ ወገቡን የያዘው ሰው ተነስቶ በር ድረስ ይሂድልህ? እስቲ እንፈትሸው። (ደወሉን ይጫናል። ነርሷ ወዲያው ብቅ ትላለች፤ ምንም እንዳልሆኑ አይታ ፈገግ ብላ ትመለሳለች።)

ታናሽ፦ አየህ? ገና ከመንካትህ ዘው ነው። እዚህ ሰው ሰላም የለውም።

ታላቅ፦ ሰላም መቃብር ውስጥ ሞልቶልሃል! ነርስ ከሆነች እንዲህ ዘው ትበል። ፊቷስ! አልተኮሳተረች፣ «ምን አስጠራችሁኝ» አላለች።

ታናሽ፦ ሾርባውም ጨው የለውም ብለሃል።

ታላቅ፦ እኔ ነኝ ያልኩት? ጨው ደም ግፊት ነው! አሮጊቷ ያለ ጨው በልታ አይደል አጥንቴን የሰበረችኝ?

ታናሽ፦ ያም ሆነ ይህ እዚህ ቤት አልተኛም። ፍራሹ ይገድለኛል።

ታላቅ፦ (ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ይጋደማል) እየኝ! ሞትኩ? ወገቤ እንዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ኧ... (ድምፁ ይለሰልሳል) ኧረ ይሄ ፍራሽ ሰው ያሳድራል!

ታናሽ፦ ለአንድ አፍታ መጋደምና መኖር አንድ ነው? አንተ ራስህ እዚህ መኖር አትችልም።

ታላቅ፦ (ቀና ይላል) ማን ነው የማይችለው?

ታናሽ፦ አንተ። እዚህ ሥርዓት አለ። በሰዓት ይበላል፣ በሰዓት ይተኛል። አንተ ደግሞ ጭቅጭቅህ እስኪያልቅ አትተኛም።

ታላቅ፦ እኔ! በደወል ገብቼ በደወል ስወጣ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው! ከሥርዓት ጋር ያስተዋውቀኛል ደግሞ!

ታናሽ፦ ሳምንት አትቆይም።

ታላቅ፦ ዓመት እቆያለሁ!

ታናሽ፦ ተወው ጋሼ፣ ለአፍህ ነው።

ታላቅ፦ ለአፌ? ለአፌ ነው ያልከኝ? (እንደተጋደመ ደወሉን ይጫናል። ነርሷ ብቅ ትላለች።) ልጄ! ለቤቱ ኃላፊ ንገሪልኝ። ሁለቱንም አልጋ እንይዛለን። አንዱ የሱ፣ አንዱ የኔ። ቤታችሁን መርምሬዋለሁ፤ አልፋችኋል!

(ነርሷ «እሰይ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብላ ትሄዳለች። ታናሽ ከኪሱ ስልክ አውጥቶ ለታላቅ ልጅ ይደውላል።)

ታናሽ፦ ሃሎ፣ የኔ ልጅ... አዎ፣ እሺ አለ... ሁለታችንም... ኧረ እኔ አላስገደድኩትም፤ እሱ ነው ያስገደደኝ። (ይዘጋል።)

ታላቅ፦ ማን ነው እሺ ያለው?

ታናሽ፦ አንተ።

ታላቅ፦ እኔ ምን አገባኝ? ምድጃ የምትረሳው አንተ!

ታናሽ፦ ጋሼ፣ እኔ ምድጃ ለኩሼ አውቃለሁ?

ታላቅ፦ እ...?

ታናሽ፦ ሻይ የሚያፈላው ማን ነው? «አንተ ውሃውን ታቃጥለዋለህ» ብለህ ክብሪቱን የምትደብቅብኝ አንተ አይደለህ? መጋረጃው ሲያያዝ ባልዲ ይዤ ስሮጥ፣ አንተ ወንበርህ ላይ ሆነህ የመጋረጃውን ጨርቅ ጥራት ትወቅስ ነበር።

ታላቅ፦ (ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ጫማውን አንስቶ ሶሉን ይመረምራል።) ያ ጨርቅ እኮ... እውነትም ተራ ነበር።

ታናሽ፦ ተራ ነበር።

ታላቅ፦ ታዲያ ልጄ ስትጠይቅ ለምን «እኔ ነኝ» አልክ?

ታናሽ፦ «እሱ ነው» ብል እስከ ዛሬ እንሟገት ነበር። «እኔ ነኝ» ስል ግን በዕድሜህ አንድ ጊዜ ሳትቃወመኝ ቀረህ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ለብቻችን ስንሆን እውነቱን ነገርኳትና መከርን። «አባዬን ውሰደው ብልህ አይሄድም፣ መርምረው ብለው ግን ይሮጣል» አለች። እኔ ደግሞ አንድ አልጋ አይበቃም አልኩ።

ታላቅ፦ አንተ ምን አጥፍተህ ነው የምትገባው? አልረሳህ፣ አላቃጠልክ።

ታናሽ፦ ቤት ሆኜ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ? ከሬዲዮኑ ጋር? እሱም ያንተን ያህል አያውቅም።

ታላቅ፦ (ዓይኑን ይጠርጋል፤ ለታናሽ እንዳይታይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል) አቧራ አለበት ይሄ ክፍል።

ታናሽ፦ ይኖርበታል።

ታላቅ፦ የለበትም! ንጹሕ ነው! (ይነሳል፣ ኮቱን ያስተካክላል) እሺ። እንዳታለላችሁኝ ከልጄ ሌላ ማንም እንዳይሰማ። እዚህ እስካለን ድረስ ግን ታላቅ ወንድም እኔ ነኝ፤ አልጋ የምመርጠውም እኔ ነኝ።

ታናሽ፦ ምረጥ ጋሼ። የመስኮቱን ውሰድ። እኔ እንኳ የበሩን ነበር የምወደው፤ ጥግ ነው፣ ጨለም ይላል፣ ይመቻል።

ታላቅ፦ አሃ! የሚመቸውን ለራስህ፣ ለእኔ ደግሞ ዓይን የሚያጠፋውን? አሁን ነቃሁብህ! ሁለተኛማ አልታለልም፤ የበሩ የኔ ነው!

(ታላቅ ጥግ ያለችውን ጨለማ አልጋ እንደ ድል ይዞ ይጋደማል። ታናሽ ጫማውን ያወልቃል፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ጋደም ይላል፣ ፀሐዩን በሙሉ ፊቱ ይሞቃል።)

ታናሽ፦ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ ጋሼ፣ ታላቄ ነህ።