ሊቀ ሌንስ እና የዘሯ መስመር

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ እሱ ጎልማሳ ከሆነ ወዲህ የተሠራ ዕቃ ሁሉ ቆርቆሮ ነው ብሎ የሚያምን፣ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው መንገድ ላይ አቁሞ የሚያስረዳ ሰው። አንዱ ሰፈር ባለ አሮጌ መኪና ይደርሰዋል፣ ሌላው ባለ ግድግዳ ሰዓት። ለእኛ የደረሰን ባለ ሌንስ ነው።

ሊቀ ሌንስ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከእኔ ቤት በአንድ ግንብ ብቻ የሚለዩ ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ዘመናዊ ዲጂታል ካሜራ ከነሌንሱ ገዝታ ሰጠቻቸው። አዲሱን ሌንስ ፈትተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ በምትኩ አብሯቸው ያረጀውን፣ ሲስቡት የሚረዝም ሲገፉት የሚያጥር፣ ለቅርብ ነገር የተሠራ የብረት ዙም ሌንስ በማገናኛ ቀለበት ገጠሙበት። ካሜራው በስክሪኑ ላይ «ሌንስ አልተገጠመም» ብሎ ጻፈ።

«አዩት ይሄን ባለጌ!» አሉኝ። «ግማሽ ኪሎ ብረት አፉ ላይ ይዞ ምንም የለም ይላል!»

ይህን ወሬ ለሰፈሩ ሁሉ ነግረዋል፤ ለአንዳንዱ ሁለት ጊዜ።

ሌንሱ በራሱ አያተኩርም። ክቡርነታቸው ቀለበቱን በጣታቸው ወደ ፊት ያዞራሉ፣ ወደ ኋላ ያዞራሉ፣ ደግሞ ትንሽ ወደ ፊት። እስከዚያው ፊታቸው ያለ ፍጡር ሁሉ ድንጋይ መሆን አለበት። «ቆይ፣ ገና አልጠራም!» የሚለው ትእዛዛቸው በቤታችን ከደጅ ደወል ይልቅ የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ሕፃን የልደት ሻማውን እፍ ሊል ጉንጩን ሲነፋ «ቆይ፣ ገና አልጠራም!» አሉ። ሻማው ነዶ ነዶ በራሱ አለቀ። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ሲታይ ጉንጩ እንደተነፋ ነበር።

ደግሞም በእሳቸው ሌንስ ፊት የቆመ ሰው ሙሉ ሰው ሆኖ አይወጣም። ባለቤቴ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ አንሱኝ ብትላቸው፣ ከአንድ ሰዓት ልፋት በኋላ የግራ ዓይኗን ሽፋሽፍት አነሱ።

«እትዬ፣ እያንዳንዷን ፀጉር ይዩልኝማ! አቧራዋ ሳይቀር!»

«አቧራዬን ትተው ፊቴን ቢሰጡኝ ምን ነበረበት?»

«ፊትማ በማንም ስልክ ይነሳል፣ እትዬ።»

ስቀን ባለፍን ነበር፣ የእኔ ነገር ባይመጣ።

አርባ ዓመት ስለ ዕፀዋት አስተምሬአለሁ። ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ በጫማ ካርቶን የታጨቁ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፖስታዎች ናቸው፤ በየፖስታው የሣር ዘር አለ። ስለ እነሱ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጻፍኩ። በመጽሐፏ ውስጥ የምኮራበት አንድ ገጽ አለ፦ ሰው ሁሉ አንድ ናቸው የሚላቸው ሁለት ሣሮች ሁለት ናቸው፣ የአንደኛዋ ዘር ጀርባዋ ላይ መስመር አላትና። መስመሯን የዛሬ ሠላሳ ዓመት በገዛ ዓይኔ አይቻታለሁ። አሁን ዓይኔን ጉም ወርሶታል፤ ማይክሮስኮፕ ውስጥ ብመለከትም የማየው ያንኑ ጉም ነው። አርታኢው ደግሞ «በአንድ ወር ውስጥ መስመሯን በፎቶ ያሳዩን፣ አለዚያ ገጹ ይወጣል» አለኝ። ገጹ መውጣቱ ብቻ አልነበረም ያስጨነቀኝ። መስመሯን አይቻት ነበር ወይስ ላያት ፈልጌ ነበር? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ከነሳኝ ሰነበተ።

የወንድሜ ልጅ ፋርማሲስት ናት፤ ሥራዋ ሁሉ ቶሎ ነው። ዘሯን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ በስልኳ ቀጭ አደረገችና «ይኸውልህ ጋሼ፣ መስመርህ!» አለች። አጉልታ አሳየችኝ። ለእኔ ዓይን እንኳ የሚታይ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር። አቀፍኳት። ለአርታኢው ላኪልኝ ልላት ስል ሊቀ ሌንስ ከች አሉ።

«ስልክ ያላየውን ከራሱ ይሞላል፣ መምህር። ሰው ደስ እንዲለው ተብሎ የተሠራ ነው። የእኔው ሌንስ ግን ማንንም ማስደሰት አያውቅበትም።»

«እሱንስ እኔ እመሰክራለሁ» አለች ባለቤቴ።

መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋ። ካሜራው በመዝገበ ቃላት ክምር ላይ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ተቀመጠ። ሌንሱ በክብደቱ እየተንሸራተተ ቢያስቸግር በባለቤቴ የፀጉር ላስቲክ ታሰረ። «አይተንፍሱ» ተባልኩ፤ አልተነፈስኩም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሊቀ ሌንስ እያዩ፣ እኔ እየጻፍኩ ቆየን።

«ወይ ግሩም! ሸለቆ አለው! ዋሻ አለው!»

«ዋሻ?» በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያላየሁት ዋሻ! ጻፍኩ። ባለቤቴ መወልወያ ይዛ መጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄ የዳቦ ፍርፋሪ አይደል እንዴ?»

ነበር። ዘሯ ክንዴ ሥር ተገኘች።

በማግስቱ እውነተኛዋ ዘር ቀረበች። ሊቀ ሌንስ ቀለበቱን አዞሩ። ዘሯን በስቴኪኒ ገለበጡ፤ መብራቱን ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከኋላ አደረጉ። ቀስ በቀስ ወሬያቸው አለቀ። እኚህ ሰው ዝም ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

«ምነው?»

«መምህር... መስመሯ የለችም።»

«ስልኩ ላይ አለች እኮ!»

«ስልኩ ላይ አለች። ዘሯ ላይ የለችም።»

ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙት። ፊቴን መስታወቱ ላይ ልለጥፍ ጥቂት እስኪቀረኝ ተጠጋሁ። ዘሯ ትራስ አክላለች። ጀርባዋ ለስላሳ፣ ጠርዟ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር፣ ብርሃኑ በዞረ ቁጥር ከጎኗ ወደ ጎኗ የሚሄድ ጥላ። ሠላሳ ዓመት የኮራሁባት መስመር ያቺ ጥላ ነበረች።

ከኋላዬ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። «ከፈለጉ የስልኩን ይላኩት። እኔ ምንም አላየሁም።»

ዘወር ብዬ አየሁት። ከእንግዲህ አንቱታውን ልተወው፤ ሰውዬው ጓደኛዬ ነው። ስለዚያ ሌንስ አንዲት ክፉ ቃል አልሰማም ብሎ ከሰፈሩ ግማሽ ጋር የተኳረፈ ሰው፣ ለእኔ ሲል ሌንሱን ሊያስዋሸው ተዘጋጅቶ፣ መሬት መሬት ያያል።

«አይሆንም» አልኩት። «ይልቅ እስቲ አንዴ ደግመህ አሳየኝ።»

ደግሞ አሳየኝ። አዝኜ ነበር፤ ግን ዘር በወጉ ካየሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበርና ከሐዘኑ ደስታው በለጠ። የተሳሳተ ገጼን ታትሞ ሳይሆን በእጄ እንዳለ እንድቀደው ያደረገኝ ይህ ሰው ነው። ስንት ሊቅ እንዲህ ያለ ጎረቤት አጥቶ ስሕተቱን አስጠርዞ እንደሞተ ሳስብ፣ ምስጋናዬ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ አላውቅም።

መጽሐፏ የምትፈልገው ስድስት ፎቶ ብቻ ነበር፤ በዚያው ሳምንት አለቀ። እኔ ግን ለጓደኛዬ «አርታኢው ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም ይፈልጋል» አልኩት። የሌለች መስመር ከመጽሐፌ ባወጣሁ በሳምንቱ! «አታፍርም?» አለችኝ ባለቤቴ። አላፈርኩም። በየጧቱ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ እኔም በየጧቱ አንዲት ዘር አያለሁ።

ትናንት አሥራ ዘጠነኛዋ ላይ ሳለን ስልኬ ጮኸ። ቁልፉ ስለማይታየኝ ድምፁን ለሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ነው የማነሳው። አርታኢው ነበር። «መምህር፣ ስድስቱም ፎቶዎች ደርሰውናል፣ ከበቂ በላይ ናቸው፤ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል» ብሎ ዘጋ።

አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። ጓደኛዬ ላስቲኩን አጠበቀ፣ የመዝገበ ቃላቱን ክምር አስተካከለ።

«ሃያኛዋን ያውጡ እንጂ፣ መምህር» አለኝ። «ብርሃኑ ሊሄድብን ነው።»