ቁልቁለት ላይ የፈተንኳት ሚኒባስ

ጎበዝ፣ ዛሬ አህያ ቀድማኝ አለፈች። ያውም የተጫነች አህያ!

ትናንት ከሚኒባስ ጎን ቆሜ በሰልፊ "እንኳን ደስ አለህ በሉኝ" ብዬ ፖስት ያደረግኩት ትዝ ይላችኋል አይደል? ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ ተባረኩ። ግን ትንሽ ቸኩላችኋል። እኔማ ከናንተም ብሼ ቸኩያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሆቴል እንግዳ እየተቀበልኩ፣ ባለቤቴ አበባ ልብስ እየሰፋች ሰባት ዓመት ያጠራቀምነው ሁሉ ለዚህች ያገለገለች ሚኒባስ ሊውል ነበር። ከላሊበላ ኩልመስክ ከተማ ሰው እያመላለስኩ ልሠራባት።

ሻጩ ከወልድያ ይዟት የመጣ ሰው ነው። "ሞክራት" አለኝ። ሞከርኳት! ከላሊበላ ወደ ኤርፖርቱ ቁልቁል ለቀቅኳት። ወይ ፍጥነት! ነዳጅ የምትጠጣም አትመስል።

ስንመለስስ? ስንመለስ እሱ ነዳ። እኔ ፖስቱን እየጻፍኩ ነበር።

አዎ፣ ዳገቱን በሙሉ። አትሳደቡ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሁሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ትናንት "ልይልህ እንዴ?" ሲሉኝ ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? "ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት የድሮ መኪና ነው፤ ይቺ ዘመናዊ ናት።"

እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

እኛ ዘንድ መኪና ሳይባረክ ሥራ አይጀምርም። እኔ ደግሞ ከመቸኮሌ የተነሳ ቡራኬውን ከውሉ አስቀደምኩት! ቡራኬው ዛሬ ጠዋት፣ ክፍያውና ፊርማው ከሰዓት። ሻጩ ምንም ሳይል ቁልፉን ሰጠኝ። ሰው እንደምጭን ግን አልነገርኩትም።

የንስሐ አባቴን አባ ወልደ ጊዮርጊስን፣ አማቴን፣ አበባንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጫንኩና ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ልናሳልማት ወጣን። ጋሽ ሰይድም ሳይቀየሙኝ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ከኋላ ተቀመጡ።

እስከ ዳገቱ ድረስ እልልታ ነበር።

ዳገቱ ላይ ሚኒባሷ አቃሰተች። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ጨሰች። ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች!

"ፍሬኑን እንዳትለቅ!" እያሉ ጋሽ ሰይድ በዚያ ዕድሜያቸው ዘለው ወርደው ድንጋይ ታኮ አደረጉልኝ።

ራዲያተሩ ይፈላል። ዓይኔ አባ በሃይላንድ የያዙት ጸበል ላይ አረፈ።

"እንዳታስባት!" አሉኝ አባ።

አማቴ በአማትነት ይሉኝታ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። "መቼም ደክሟት ይሆናል" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሊገፉ ተሰለፉ። አማቴ! ሚኒባስ ሲገፉ! አበባም አጠገባቸው ሆና ትገፋለች።

አህያዋ ያለፈችን ያኔ ነው። ባለቤትየዋ ገበያተኛ "አይዟችሁ" ብላን አለፈች።

"ጋሼ፣ ትናንት እኮ እንደ ንፋስ ነበር የምትሄደው" አልኩ።

"በየት በኩል ሞከርካት?"

"ወደ ኤርፖርት።"

"ቁልቁል? አንተ ሰው፣ ቁልቁልማ ድንጋይም ይወርዳል!"

ሽማግሌዎቹ መግፋቱን ትተው ሳቁ። አባም ጭምር!

ጋሽ ሰይድ ኮፈኖውን ከፍተው አዩ፤ ከሥር ተኝተውም አዩ። ተነስተው እጃቸውን እየጠረጉ "ሞተሩ አልቋል ልጄ። የሚያምረው ቀለሙ ብቻ ነው። ብሩን ሰጥተኸዋል?" አሉኝ።

"አልሰጠሁም። ከሰዓት ነው።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብለው ጮኹ። አባ ደግሞ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው መስቀላቸውን አወጡና በሚኒባሷ ፈንታ እኔን ባረኩኝ። አበባ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። የሰባት ዓመት ልፋቷ እኮ ነው! እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ።

"ሰው ጫንክባት እንዴ?!" አለኝ ደንግጦ።

የሕዝብ ማመላለሻ እኮ ነው ወንድሜ! ምን ልጫንባት ኖሯል? ብቻ መጥቶ ቁልፉን ተረከበኝ፤ እኛም በእግራችን ተመለስን።

ቤት እንደደረስን ይቅርታ ልጠይቅ ጋሽ ሰይድ ጋ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ።

"አብሽር። ለመሆኑ ትናንት ኮፈኖውን ከፍተህ ነበር?"

"ከፍቻለሁ ጋሼ።"

"ምን አየህ?"

"ሞተር መኖሩን።"

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ "ሰኞ ወልድያ አብረን ሄደን ሌላ እንፈልጋለን። ባዶዋን ግን አንሞክርም፤ አባንም አማትህንም ጭነን ነው" አሉኝ። አማቴ ይህን ሰምተው ከአሁኑ ስንቅ ማዘጋጀት ጀምረዋል።

ጋሼ፣ ፌስቡክ ባይኖርዎትም እዚህ ልበልዎት፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቤቴን ነው ያተረፉልኝ።

እናንተ ግን እስቲ ንገሩኝ፤ እንደኔ ላለ ሰው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው?