የመንግሥቱ ሰፊ ዓይን

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. በጥር ወር፣ ደብረ ማርቆስ ላይ መንግሥት ዓይን መረጠ። ምርጫው በሥርዓት፣ በጉባኤና በሙሉ ድምፅ ተከናወነ።

የጣሊያን ምሽግ አዛዥ ካፒቴን ሮቬሊ ከአገራቸው ሲመጡ ከልብስ ሣጥናቸው ጋር ቁመቱ ሰው የሚያህል የናስ ቴሌስኮፕ አስጭነው ነበር። ኮከብ ማየት ይወዳሉ። ሰው መግደል ሥራቸው ነው፤ ፍቅራቸው ግን ከኮከብ ጋር ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ከበላይ አንድ ትእዛዝ ደረሳቸው፤ በእጅ ያለ መሣሪያ ሁሉ ሽፍታን ለመፈለጊያ ይዋል የሚል። ካፒቴኑ ትእዛዝ አክባሪ ናቸው። ቴሌስኮፑን ከሰማይ አውርደው ወደ ገበያው አዞሩት።

ችግሩ የመጣው በብርጭቆው ነው። ቴሌስኮፑ ዓይን በሚጠጋበት ጫፉ ላይ እየተነቀለ የሚተካ ብርጭቆ አለው፤ ካፒቴኑ ሁለት ዓይነት ነበሯቸው። ጠባቡ ጥቂት ቦታ ብቻ ያሳያል፤ የሚያሳየውን ግን አፍንጫ ሥር ያመጣዋል፤ በሩቅ የሚሄድ ሰው ጢሙ ይቆጠርበታል። ሰፊው ገበያውን ከነሸንተረሩ በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ሰው ግን የጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ለመንግሥት የሚገባው የትኛው ነው? ካፒቴኑ ይህን ብቻቸውን መወሰን አልፈለጉም። ጥፋት ቢመጣ የሚካፈል ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉባኤ ጠሩ።

የጉባኤው አባላት ሦስት ናቸው። አንደኛው ራሳቸው ካፒቴኑ። ሁለተኛው ግራዝማች ፈንታ፤ ለጣሊያን ያደሩ፣ ከአማኑኤል እስከ አምበር የማያውቁት ፊት የሌላቸው ሰው። ሦስተኛው ጸሐፊና አስተርጓሚው ድረስ ነው፤ ቅኔ ቤት ያደገ፣ አስመራ ሦስት ዓመት ዳዊት ሲጽፍ ኖሮ ጣሊያንኛ የለመደ።

ጉባኤው በሚቀመጥበት ዕለት ጧት የድረስ እህት ሥራነሽ ቤቱ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ወንድምዓለም፣ ያ ቧንቧ የሰው ፊት ያሳያል ይላሉ። እውነት ነው?"

"እንደ ብርጭቆው ነው።"

"ብርጭቆውን አንተ ታውቃለህ። ካሴ ቅዳሜ ይመጣል።"

ካሴ ባሏ ነው። ጫካ ከገባ ስምንት ወር ሆኖታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የአምበር ገበሬ መስሎ በአህያ ገብስ ጭኖ ይገባል፤ ጨው ጭኖ ይወጣል። ከጨው በታች ያለው ጥይት ነው። ግራዝማች ፈንታ ደግሞ የካሴ ሚዜ ነበሩ፤ እንኳን ፊቱን አረማመዱን ያውቁታል።

"አትምጣ በይው!" አለ ድረስ።

"ብየዋለሁ። 'ጥይት እግር አውጥቶ አይመጣልኝ' አለኝ።" ነጠላዋን አጣፋች። "እኔ ፊቱን የማየው ከቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እነሱም ሊያዩት ነው?"

ድረስ ቀለሙንና ብዕሩን ይዞ ወደ ጉባኤው ሄደ።

ግራዝማች በመጀመሪያ በጠባቡ አዩ። ከላይ እስከ ታች ነዘራቸው።

"ድንቅ ነው! የበሬው ሽፋሽፍት እንኳ ይታያል! ግን… በሬው በጀርባው ነው የሚሄድ። ሰዉም እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሏል።"

ካፒቴኑ አስረዱ፤ የኮከብ ቴሌስኮፕ ነገርን ይገለብጣል፣ ለኮከብ ላይና ታች ስለሌለው ማንም አይቸገርም።

"ካፒቴኑ እንደሚሉት" ሲል ድረስ ተረጎመ፣ "አገሩ የተገለበጠው ከዚህ ሆነው ሲያዩት ነው።"

"ይሁን፣ ተገልብጦም አውቀዋለሁ። እኔ ይኸኛው ይሻላል ባይ ነኝ።"

ድረስ ብዕሩን ነከረ፤ እየጻፈም ጮክ ብሎ አነበበ። "ግራዝማች ፈንታ፣ የመንግሥት ዓይን ጠባብ እንዲሆን ፈረዱ።"

"ምን? ማን አለ?"

"የብርጭቆው ስም ነው፣ ግራዝማች። ጠባብ ነው የሚባለው።"

"ስሙን ለውጠው እንጂ!"

"ካፒቴኑ በመዝገብ ያስጻፉትን ስም እኔ ልለውጥ? ከፈለጉ 'የመንግሥት ጠባብነት ግራዝማችን ደስ አሰኛቸው' ብዬ ላለዝበው።"

ካፒቴኑ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቁ። ግራዝማች ድንገት ብድግ አሉ።

"ሰፊ በላቸው! ሰፊ! የዚህ መንግሥት ዓይን ካልሰፋ የማን ይስፋ?"

ካፒቴኑ እጃቸውን ጨበጧቸው። እሳቸውም ከመጀመሪያው ሰፊውን ነበር የፈለጉት፤ ሰባቱ ኮከቦች ተሰብስበው የሚገቡት በሰፊው ብቻ ስለሆነ፣ ሌት ሌት ከቴሌስኮፑ ላይ እንዲነሣ አይሹም። ይህ ምክንያት በቃለ ጉባኤው አልገባም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ግራዝማች ከግንቡ ላይ ሆነው ቴሌስኮፑን ያዙ።

"ምን ይታያል?" አለ ድረስ።

"ነጭ ነገር።"

"ስንት?"

"አራት መቶ አሥራ ሁለት።"

"ሰው ነው በግ?"

"ነጭ ነው አልኩህ እኮ! ቆይ… አንዱ በረረ።"

ሪፖርቱ "፬፻፲፩ ነጭ ነገር፣ አንድ የበረረ" ተብሎ ተላከ። በሳምንቱ ከበላይ መልስ መጣ፤ ከነጩ ነገር ውስጥ ሽፍታው ተለይቶ ይቅረብ። ካፒቴኑ ሁለት ቀን አሰቡና መላ አገኙ። ሰላማዊ ሰው ሁሉ መለከት ሲነፋ ወደ ምሽጉ ዞሮ እጁን ያነሣል። ያላነሣ ሽፍታ ነው። ሽፍታ እጁን ቢያነሣስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እጁን ካነሣማ ሽፍታ አይደለም።

"አዋጅ ጻፍ" አሉት ድረስን። "የመንግሥት ስውር ዓይን እንደሚጠብቃቸው ይወቁ። በተራ ቋንቋ እንዳትጽፈው፤ ከፍ ያለ ይሁን።"

ድረስ ከፍ አደረገው። ከፍ ያለ ቋንቋ ግዕዝ ነው፤ በግዕዝ ደግሞ ዓይኑ ይቀድማል፣ ስውሩ ይከተላል። ለግራዝማች አነበበላቸው፦

"የአገሬ ሰው ስማ! የሚጠብቅህ ዓይነ ስውር መንግሥት መሆኑን ዐውቀህ፣ መለከት ስትሰማ እጅህን አንሣ!"

ግራዝማች አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

"ይኸ… ይኸማ…"

"ስሕተት አለው፣ ግራዝማች? ካለው ትርጉሙን ለካፒቴኑ እርስዎ ይንገሩልኝ።"

ግራዝማች ወደ ካፒቴኑ አዩ። ካፒቴኑ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። ስሕተቱን ለማረም መንግሥት ዕውር ነው የሚለውን ቃል በገዛ አፍ ማውጣት ያስፈልጋል። ግራዝማች ላባቸውን ጠረጉ።

"የለውም። ግዕዙ… ያስፈራል።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዋጁ ተነገረ፤ መለከቱም ተነፋ። ገበያው በሙሉ ወደ ምሽጉ ዞሮ እጁን አነሣ። ከሁሉም ከፍ አድርጎ ያነሣው ካሴ ነበር።

የገበያው መውጫ በምሽጉ በር ፊት ያልፋል። የሕዝባቸውን ታዛዥነት በቅርብ ለማየት ካፒቴኑ በሩ ላይ ወጥተው ቆመው ነበር፤ ድረስ ከጎናቸው ነው። መጀመሪያ የደረሰችው ሥራነሽ ናት። ካፒቴኑን ከእግር እስከ ራስ በሐዘኔታ አየቻቸው። ከአገልግሏ አንድ እፍኝ ንፍሮ ዘገነችና በእጃቸው ላይ አኖረች።

"እግዚአብሔር ዓይንዎን ያብራልዎ፣ ጌታዬ።"

ከኋላዋ የነበሩት ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ማንም አልሳቀም። አንዱ ባቄላ፣ አንዱ ሽንብራ፣ አንዲት ባልቴት ግማሽ ዳቦ። "ዓይንዎን ያብራልዎ።" "የጦቢትን ዓይን ያበራ ሩፋኤል ይድረስልዎ።" የካፒቴኑ እጅ ሞላ፤ ቆባቸውን አውልቀው ዘረጉ።

"ምን ይላሉ?" አሉ በመገረም።

"ስለ ዓይንዎ ይጸልያሉ" አለ ድረስ። አንዲት ቃል አልጨመረም።

የካፒቴኑ ዓይን እንባ አቀረረ።

ያኔ ካሴ ጨው የጫነች አህያውን እየነዳ ደረሰ። ድረስ ቀና ብሎ ወደ ግንቡ አየ። ግራዝማች ፈንታ በትክክል ከካሴ አናት በላይ ቆመዋል። ዓይናቸውን ከቴሌስኮፑ ቢነቅሉ ሚዜ የሆኑለትን ሰው በምራቅ ይደርሱበታል።

ካሴ አልቸኮለም። ከኪሱ አንድ እፍኝ ገብስ አወጣና በቆቡ ውስጥ ጨመረ። ከካፒቴኑ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ።

"ያብራልዎ፣ ጌታዬ።"

ካፒቴኑ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑት።

"ድረስ!" ብለው ጮኹ ግራዝማች ከላይ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። "ጻፍ! አንድም ሽፍታ የለም! ገበያው ሁሉ ሰላም ነው!"

አህያዋ አለፈች። ሥራነሽ መንገዱ ዳር አገልግሏን የምታስር መስላ ቆማ ነበር። ካሴ በአጠገቧ ሲያልፍ አየችው። እስኪሰወር ድረስ አየችው።

ድረስ የታዘዘውን ጻፈ። ከወር በኋላ ከበላይ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ግራዝማች ፈንታ ስለ አርቆ አስተዋይነታቸው ፊታውራሪ ተባሉ። እንዲህ ያለው ሰፊ ዓይን ለየምሽጉ እንዲታደል፣ በየምሽጉ በር ላይም የመንግሥቱን ማንነት ለሕዝብ የሚያስታውቅ የአማርኛ ጽሑፍ እንዲሰቀል ተወሰነ።

ጽሑፉን ድረስ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ከአዋጁ በወሰዳቸው ሁለት ቃላት አዘጋጀው።